ሰው ምራቂ አይደለም

አትክልት ተራ ከፒያሳ ከመነሳቱ በፊት እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢል አስይዛኝ ትወርድ ነበር። ድንቹ ተመዝኖ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ “በል እንግዲህ መርቅልኝ” ትላለች። ነጋዴው ሁለት ሦስት ቃሪያ ጣል ያደርግላታል። ምራቂ ለራሱ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ዋናው ዕቃ እንዲሸጥ ከላይ የሚጨመር ነገር ነው። ይህን ቃል ሰሞኑን ያስታወሱኝ የአንድ አብሮ አደጌ እናት ናቸው።

ሰፈሩ ሁሉ “እማማ” ይላቸዋል። ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ሆኖም ወር በገባ በ23 ሁለት ታክሲ ይዘውም ቢሆን አራዳ ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ አይቀሩም። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ ተገናኝተን ቡና ልጋብዝዎ አልኳቸው። ገና እንደተቀመጥን ስልካቸውን አውጥተው አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። አንድ ሰው ስለ አሜሪካ በጀት በአማርኛ ያወራል።

“ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ በጀት ይላል፣ መልሶ ጥገኝነት ይላል። የእኔን ልጅ ከበጀት ጋር ምን አገናኘው?”

ልጃቸው ቨርጂኒያ ነው። ጥገኝነት ከጠየቀ ስድስት ዓመት አለፈው። ሲሄድ ዳዴ ትል የነበረችው ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ ሚስቱንና ልጁን ማስመጣት ይችላል፤ እስከዚያው መጠበቅ ነው። አምና አባቱ ሲያርፉ ቀብር አልቆመም፤ በስልክ አለቀሰ።

ለእማማ የነገርኳቸውን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው አንባቢ ጥቂት ነውና።

የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በእነሱ ኦክቶበር 1 ነው። ምክር ቤቱ ገንዘቡን በጊዜው ካላጸደቀ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። ስለዚህ አንዱ ወገን “ይህን ካልጨመርክልኝ ድምፅ አልሰጥም” የሚልበት ወቅት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው ስላልተስማሙ የመንግሥት ሥራ በከፊል ለ35 ቀናት ተዘግቷል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለዩክሬንና ለእስራኤል ሊሰጥ የታሰበው እርዳታ ጥገኝነትን ከሚያጠብቅ ሕግ ጋር በአንድ ጥቅል ታሰረ። ጥቅሉ 118 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ጥገኝነት ጠያቂው መጀመሪያ የሚያልፍበትን ቃለ መጠይቅ ያከብደዋል፤ በድንበር የሚመጣው ሰው በሳምንት ውስጥ በአማካይ በቀን 5,000 ሲደርስም አብዛኛውን ለመመለስ ሥልጣን ይሰጣል። ጥር 29 ቀን ሴኔቱ ሳያሳልፈው ቀረ። ሦስት ወር ሳይሞላ የጦርነቱ እርዳታ ያለ ጥገኝነቱ ሕግ ጸደቀ። ሁለቱ ጉዳዮች ተለያይተው መቅረብ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመው ትልቁ የግብርና የወጪ ሕግ ግን አልፏል። እስከዚያ በነፃ የነበረው የጥገኝነት ማመልከቻ 100 ዶላር ተተመነበት። ሕጉ ሲወጣ ጉዳዩ ሳይወሰን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመትም ሌላ 100 ዶላር ተተምኖ ነበር። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ተከማችተዋል። መዝገቡን የሚያዘገየው ፍርድ ቤቱ፣ ከፋዩ ግን ጠባቂው ነው። ያው ሕግ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን እንኳ ከምግብ ድጎማው አስወጥቷል። በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 1 በመቶ ግብር ጥሏል።

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። “በለኛ ምራቂ አደረጉት! እኔ የወለድኩት ቃሪያ ነው እንዴ?”

ከዚህ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁም። አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት የለውም አልልም። ማን እንደሚገባ የሚወስን ሕግ ያስፈልጋል፤ አታልሎ የሚያመለክትም ይኖራል። ነገር ግን ሞትን ወይም እስርን የሸሸ ሰው ጉዳይ ለብቻው ቀርቦ፣ ማስረጃ ተሰምቶበት፣ በራሱ ሚዛን መመዘን አለበት። በበጀት መጨረሻ ሌሊት፣ ሌላ ዕቃ እንዲሸጥ ተብሎ የሚጨመር አይደለም። በችኮላ የተጨመረ አንቀጽ አንዲትን ልጅ ለዓመታት ከአባቷ ሊያቆያት ይችላል።

አራዳ ይህን ታውቃለች። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ከዘር ፍጅት የተረፉ 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የምንላቸው እነዚህ ናቸው፤ የነሐስ ባንድ ሆነው ለከተማው ሙዚቃ አሰሙ። ያሠለጠኗቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ያን ጊዜ ልጆቹን የሌላ ስምምነት ማሟያ ያደረጋቸው የለም።

ዛሬም አገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች። አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም የመሥራትና የመማር መብታቸውን አስፍሯል። እዚህ ላይ ራሳችንንም እንጠይቅ። ኤርትራዊት ወይም ደቡብ ሱዳናዊት ተከራይ “መሄጃ የላትም” ብለን ኪራይ የምንጨምርባት ከሆነ፣ ለልጃችን የምንለምነውን ርኅራኄ እኛው ነፍገናል።

ጠባቂ ላላችሁ ቤተሰቦች ጥቂት ልጨምር። “ወረቀቱን አስጨርሳለሁ” ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ። ልጃችሁ ክፍያ ሲጠየቅ ከመንደር ወሬ ይልቅ የራሱን ጠበቃ ይጠይቅ። እዚያ ዜግነት ያገኙ ዘመዶቻችሁን ደግሞ አደራ በሏቸው፤ ለመረጡት የምክር ቤት አባል ደውለው “የጥገኝነትን ጉዳይ ከበጀቱ ለዩት” ማለት ይችላሉ። ድምፅ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ስንለያይ እማማ አንድ ነገር ነገሩኝ። በደወለ ቁጥር “ወረቀቱ ምን ደረሰ?” እያሉ ይጠይቁት ነበር። አንድ ቀን “እማዬ፣ ይህን ጥያቄ ስሰማ ሌሊቱን አልተኛም” አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀቱ አያነሱም። ስለ ልጅቷ ያወሩለታል፤ ሀ ሁ እስከ የት እንደደረሰች፣ የትኛው ጥርሷ እንደወለቀ።