ችግኙን ማን ያሳድገው?

ስለ ዛፍ ተከላ በአገራችን ያልተናገረ ሰው የለም። ሚኒስትሩም፣ ከንቲባውም፣ መምህሩም፣ እኛ ተማሪዎችም ተናግረናል፤ ዶማ ይዘን ወጥተን ጕድጓድ ቈፍረናል፤ ፎቶግራፍም ተነሥተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ቍጥሩ ያስደንቃል። በዚህች አጭር ጽሑፍ አንባቢን ልጠይቅ የምፈልገው ግን ስለ ተካዩ ሳይሆን ስለ አሳዳጊው ነው። ችግኝ በሐምሌ ይተከላል፤ የሚሞተው በጥርና በየካቲት ነው። በእነዚያ ወራት ውሃ የሚያጠጣው፣ ከፍየልም የሚጠብቀው ማን ነው? ስለ ምንስ ብሎ ይጠብቀዋል?

ነገሩን በአቦምሳ ልመልከተው። አቦምሳ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞም የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። እንደ አሰላ ደጋ አይደለችም፤ ፀሐይዋ ይበረታል። ከበላይዋ ባለው ደጋ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብም ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚያልፈው እንደ እርሷ ባሉት ዝቅ ያሉ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለች ከተማ ዛፍና ሣር ያለበት ክፍት ቦታ በበጋ ጥላዋ፣ በክረምትም የጎርፍ ልጓሟ ነው። መንገድና ቦይ የከተማ ሥራ ከተባሉ ዛፉም በዚያው መዝገብ ሊገባ ይገባዋል። ዛሬ ሊቃውንቱ «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» የሚሉት ይኸንኑ ነው።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቍጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ፣ ፕላኑም ከመጽደቁ በፊት ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ከዚያም ወዲህ የወጣው የከተማ ልማት መለኪያ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለሕንፃ ይሁን ይላል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን በካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቦታ በመሬት ላይ ተቈርቋሪ ከሌለው፣ መጀመሪያ የቆሻሻ መጣያ፣ ቀጥሎ የድንጋይና የአሸዋ ማራገፊያ፣ በመጨረሻም የአንድ ሰው ግቢ ይሆናል። ደንብ ይከለክላል እንጂ አያጠጣም።

ስለዚህ ነገር የገዛ ታሪካችን ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሕንፃ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን በቦታዋ ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። እርሱም የተስፋፋው በጅራፍ አልነበረም፤ ችግኙ በርካሽ ታደለ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ ተባለ። ሰውም ጥቅሙን አይቶ በየግቢው ተከለ። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል ተብሎ ብዙው እንዲነቀልና በምትኩ ሌላ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ቢወጣ፣ ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ። እንግዲህ በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ ማበረታቻው ሠራ፤ ትእዛዙ ከሸፈ። ማበረታቻውም ቢሆን የዛፉን ዓይነት ሳይመርጥ ስለ ተሰጠ ቅሬታ ማስከተሉን አንዘንጋ። የትኛው ዛፍ በየትኛው ቦታ ይተከል የሚለውን ፕላኑ ይወስን፤ የሚያሳድገውን ሰው ግን ጥቅሙ ይጥራው።

ማበረታቻ የሚባለው ነገር ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በ2010 ዓ.ም. በጸደቀው የዓለም ባንክ ድጋፍ ባለበት ፕሮግራም 117 ከተሞች ታቅፈው፣ ሥራቸው እየተመዘነ እንደ ውጤታቸው ገንዘብ እንዲሰጣቸው ተደርጓል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ዐይነቱ ሽልማት ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ከንቲባው በውጤቱ ሲመሰገን፣ በደጃፏ ያለውን ማንጎ በጀሪካን እያጠጣች ሦስት በጋ ያሻገረችው እናት ምን አገኘች?

አሁን መልካም አጋጣሚ አለ። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ ዐዋጅ ጸድቋል። ክልሎችና ከተሞች ዝርዝሩን ሲያወጡ አንድ አንቀጽ ይጨምሩልን፤ በፕላኑ የተመረጠ ዛፍ ተክሎ ሦስት ዓመት ያቆየ፣ ወይም የግቢውን ዝናብ ወደ መንገድ ከመልቀቅ ይልቅ በጕድጓድ የሚያስቀር ነዋሪ፣ ከታክሱ ጥቂት ይቀነስለት። በጀርመን አገር ብዙ ከተሞች በሲሚንቶ የተሸፈነ ግቢ ያለውን የዝናብ ውሃ ክፍያ ያስከፍሉታል፤ አፈሩንና ሣሩን የጠበቀው ያነሰ ይከፍላል። የጋራ ቦታውንም ለሰፈር ዕድር ወይም ለወጣቶች ማኅበር በውል ይስጡት፤ ሣሩንና ፍሬውን እነርሱ ይውሰዱ፣ ዛፉን ለከተማው ያቁሙ።

«ማዘጋጃ ቤቱ ደኻ ነው፤ ገቢውን እንዴት ይቀንሳል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ደለል የሞላውን ቦይ በየዓመቱ መጥረግም፣ ጎርፍ የቦረቦረውን መንገድ መጠገንም ገንዘብ ይበላል። ቅናሹም የሚሰጠው ቆሞ ለታየ ዛፍ ስለ ሆነ፣ ከሞተ ችግኝ ላይ ማንም አይከፍልም። ዛሬ በየክረምቱ ለሚተከለውና ለሚደርቀው ከምናወጣው ይልቅ ይኸኛው ወጪ ኪሳራ አይባልም።

አንድ ነገር ግን እጅግ ሊያሠጋን ይገባል። እኛ አርሲዎች ማበረታቻ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይተናል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በጭላሎ የተጀመረው የእርሻ ልማት፣ ካዱ የምንለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ ምርቱም ጨመረ። መሬቱ ግን የባለርስቱ ነበርና፣ እርሻ ትርፍ ማስገኘቱን ያየ ባለርስት ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስወጣ። የዛፉም ቅናሽ ካርታ ላለው ብቻ ከሆነ፣ ውሃውን የሚቀዳው ተከራይ ግቢው ሲያምር የቤት ኪራይ ተጨምሮበት ይወጣል። ስለዚህ ደንቡ ያሳደገውን ሰው፣ ተከራይም ቢሆን፣ በስሙ ይወቅ፤ በቀበሌ ቤት ያለውንም አይርሳ። ያለዚያ ጥላውን ለባለጸጋ፣ ድካሙን ለደኻ ማካፈል ይሆናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን እንበተናለን። ዶማ መያዛችንን አንተው። ከዚያ በፊት ግን አቦምሳም እንሁን አሰላ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገብተን ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ የከተማው ፕላን ይታየን፣ በካርታው ላይ አረንጓዴ የተቀባውም ቦታ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ይነገረን። ምላሹን በመስከረም ይዘን እንመለስና በዚሁ መጽሔት ላይ እናነጻጽረው። መትከልስ ተከልን፤ እስቲ ደግሞ እንቈጣጠር።