የድመቷን ልጅ ለማን ነው የምትሰጧት?

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አልጽፍም፤ ስለ ድመት ነው የማወራችሁ። «ዶክተር፣ ድመት ደግሞ ምን አገባሽ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። አንብባችሁ ስትጨርሱ የጤና ጉዳይ መሆኑን ታዩታላችሁ።

አምና ክረምት፣ እዚሁ ደብረ ኤልያስ፣ ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ቦይ ውስጥ የምታለቅስ አንዲት የድመት ልጅ አገኘሁ። ዝናብ አበስብሷታል፣ ዓይኗ በዓይን አር ተጣብቋል፣ እናቷ በአካባቢው የለችም። ትቻት ማለፍ አልቻልኩም። ቤት ወስጄ ዓይኗን ለብ ባለ ውኃ ጠረግኩላት፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስተኛኋት። ጥቂት ሳምንት አብራኝ ቆየች። ግን የአዳር ተረኛ የምሆንበት ቀን ብዙ ነው፤ በር ተዘግቶባት ትውል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ «ስጪኝ» ላለኝ ሰው ሰጠኋት። ምን እንደሚያበላት፣ የት እንደምታድር፣ ለምን እንደፈለጋት አልጠየቅኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ከዚያ ቤት ወጥታ መጥፋቷን ሰማሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። ድመት እጁን ነክሳዋለች።

«የማን ድመት ናት?» አልኳት።

«የማንም አይደለችም፤ ሰፈር ውስጥ የምትዞር ናት።»

«አሁን የት አለች?»

«ኧረ እኔ እንጃ ዶክተር፣ ማን ያውቃል!»

ያቺ ድመት እኔ የሰጠኋት ትሁን አትሁን ማወቅ አልችልም። «ማን ያውቃል» የሚለው መልስ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ በድመት ንክሻም ወደ ሰው ይተላለፋል። በእርግጥ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው። ነገር ግን በማንም ይምጣ በማን፣ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ማዳን የሚቻለው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ነው፤ ቁስሉን በማጠብና ክትባቱን በጊዜ በመጀመር።

አሁን ወደ ድመቷ እንመለስ። አንድ ሰው በድመት ወይም በውሻ ሲነከስ ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል። እንስሳዋ ባለቤት ካላትና የት እንዳለች ከታወቀ ግን ለ10 ቀን እንጠብቃታለን። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ዕለት ምራቋ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። እንስሳዋ ከጠፋች ግን የምንጠብቀው ነገር የለም፤ ክትባቱ እስከ መጨረሻው መሰጠት አለበት።

የዚያ ልጅ ቤተሰቦች የሆኑት ይህንኑ ነው። ክትባቱ በቅርብ ስላልተገኘ ማርቆስ ድረስ መመላለስ ነበረባቸው። መንገዱ ሁልጊዜ በማያስተማምንበት ጊዜ፣ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ በግ ሸጠው። ልጁ ክትባቱን ጨርሶ ደህና ነው፣ ተመስገን። ግን ያ ሁሉ መንከራተት የመጣው አንዲት ድመት የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ነው።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ለድመት ልጅ ጥሩ ቤት ማለት ሰፊ ቤት ወይም ሀብታም ቤት አይደለም። ከዓመት በኋላ «ድመቷ የት አለች?» ተብሎ ሲጠየቅ «ይቻት!» ብሎ የሚያሳይ ቤት ነው።

አንዳንዶች «ድመት ራሷን ታስተዳድራለች፤ ገበያ ዳር ልቀቋት» ይላሉ። አልስማማም። የለቀቃችኋት ሴት ድመት ገና ዓመት ሳይሞላት ልትወልድ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ አንዲት ለቀቃችሁ ማለት በሚቀጥለው ዓመት ማንም የማያውቃቸው፣ ማንም ያላስከተባቸው ብዙ ድመቶች ሰፈራችሁ ውስጥ አሉ ማለት ነው። ሕፃናት ደግሞ ለንክሻ ይጋለጣሉ፤ ያዩትን ግልገል ሁሉ «ውሮ፣ ውሮ» እያሉ የሚያባብሉት እነሱ ናቸውና።

ታዲያ ለማን እንስጥ? ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1ኛ. ምን ትበላለች? በእኛ አካባቢ ድመት የሚፈለገው እህል ከአይጥ እንድትጠብቅ ነው፤ ይህ ነውር የለበትም። ችግሩ «ካበላኋት አይጥ አትይዝም» የሚለው እምነት ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? ጠግባም ታድናለች። የተራበች ድመት ግን ቤቱን ትታ ትሄዳለች። በተለይ ስለ ጾም ጠይቁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሥጋም ወተትም በማይኖርበት ጊዜ ድመቷ ምን ትበላለች? የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አይበቃትም። «እንቁላል ቀቅዬ እሰጣታለሁ» ያለ ሰው አስቦበታል ማለት ነው።

2ኛ. የአይጥ መርዝ ትጠቀማላችሁ? ጎተራው ሥር መርዝ የሚያስቀምጥ ቤት ድመት አይሰጠውም። መርዝ የበላችውን አይጥ ስትበላ እሷም ልትሞት ትችላለች። ወይ መርዙ፣ ወይ ድመቷ።

3ኛ. ነፍሰ ጡር አለች? ካለች መስጠት ክልክል አይደለም፤ ግን ማወቅ ያለባት ነገር አለ። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ ነፍሰ ጡር ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ተህዋሲው በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ በተለይ ገና አደን ከጀመሩ ግልገሎች። ወጥቶ ወዲያው አይተላለፍም፤ ለመተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ሌላ የቤተሰብ አባል በየቀኑ ካጸዳውና እጅ በሳሙና ከታጠበ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ድመቷን ለማባረር የሚቸኩሉ፣ ጥሬ ሥጋውን ግን የማይተዉ ነፍሰ ጡሮችን አያለሁ። እህቶቼ፣ ጥሬ ሥጋም የዚሁ በሽታ መተላለፊያ ነው!

4ኛ. ማን ያስከትባታል? ድመት 3 ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወስዳለች፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣም ድመቷን በቅርጫት አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ለድመትስ ይሆናል?» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁት።

5ኛ. የቤቱ ሰው ሁሉ ተስማምቷል? ልጅ ለምኖ ወስዷት እናት የምታባርራት ድመት ማደሪያዋ መንገድ ነው። ልጁን ሳይሆን እናቱን ጠይቁ።

ሰጪውም የራሱ ድርሻ አለው። እናቷ ካለች 8 ሳምንት ሳይሞላት አትለዩአት። ብቻዋን ካገኛችኋት ደግሞ የላም ወተት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣባታልና የእንስሳት ባለሙያ አማክሩ። የአንጀት ትላትል መድኃኒት እንድታገኝ አድርጉ፣ ቁንጫዋን አስወግዱ። ፀጉሯ ክብ ክብ እየሠራ የረገፈ ከሆነ ጭርት ወይም ቆረቆር ወደ ልጆች ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ሳትታከም አትስጧት። በተለይ ደግሞ ከሰጣችሁ በኋላ ጎራ እያላችሁ ጠይቁ።

ማንም ሰው በድመት ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረና ከደማ፣ ድመቷ የቤትም ትሁን የመንገድ፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ድመቷን ገድላችሁ አትጣሉ፤ ከተቻለ ዘግታችሁ አቆዩአት። ጸበል መጠመቅን አልከለክልም፤ ክትባቱ ግን በምንም ምክንያት እንዳይቀር።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ የድመት ልጅ እጄ ገባች። ብዙ ሰው ጠየቀኝ። ከላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች ሳቀርብ አንዳንዱ ስቆ ሄደ፣ አንዳንዱም ተቀየመኝ። አንዲት እማማ ግን አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ድመት ልትሰጪ ነው ወይስ ልጅ ልትድሪ?» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለው «ለመሆኑ አሁን ምን ምን ትበላለች?» ብለው ጠየቁኝ። ከመጡት ሰዎች ሁሉ ይህን የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለእሳቸው ሰጠኋት። ባለፈው ሳምንት ጎራ ብዬ «የት አለች?» ስላቸው ወደ ምድጃው ዳር ጠቆሙኝ፤ ተጠቅልላ ተኝታለች። 3 ወር ሲሞላት ይዤያት የምሄደው እኔ ነኝ፤ ተስማምተናል።

ከመንገድ ላይ ያነሳችሁ ደጎች ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ማንሳት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ለማን እንደምትሰጡ መምረጥ ነው።

እናንተስ ድመት ለሰው ስትሰጡ ምን ትጠይቃላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ። ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ድመት ላለው ጎረቤታችሁም አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!