ደንበኛ ንጉሥ ነው… ሽማግሌውስ?

የዛሬው ጉዳያችን ፍቅርና ትዳር አይደለም፤ ሱቅ ነው። “ሱቅ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?” እንዳትሉ፤ ደብዳቤውን አንብቡና ፍረዱ።

ጸሐፊው እዚሁ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ አካባቢ ከጓደኛው ጋር ትንሽ ሱቅ የከፈተ ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦ “ሽማግሌና አሮጊት ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ዋጋ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ብሩን ከነጠላ ጫፍ እስኪፈቱት ድረስ ከኋላ የቆመው ወጣት ተሰላችቶ ይሄዳል። በቴሌብር ይክፈሉ ስላቸው ስልኩን ይሰጡኝና ‘አንተው አድርገው ልጄ’ ይሉኛል፤ የሚስጥር ቁጥራቸውን ሳይቀር ጮክ ብለው ይነግሩኛል። ጓደኛዬ ‘የኛ የወጣት ሱቅ ነው፣ ቢቀሩብን ይሻላል’ ባይ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?”

ወንድሜ፣ የጓደኛህ ሒሳብ ስህተት አለው።

እርግጥ አገራችን የወጣት አገር ናት። 60 ዓመት የሞላው ሰው ከመቶ 5 ገደማ ቢሆን ነው። ጃፓን ውስጥ ከመቶው ሰው 30 የሚጠጋው 65 ዓመት ያለፈው ነው፤ እዚያ ነጋዴው ወደደም ጠላም ለሽማግሌ ያስባል። አንተ ግን ሰው ብቻ አትቁጠር፣ ቦርሳም ቁጠር! ከውጭ የሚላከው ብር ስንት ቤት ውስጥ በእናት እጅ ነው የሚገባው? ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር ስንት ኪሎ በርበሬ፣ ስንት ጀሪካን ዘይት እንደሚገዛ የሚወስነው ማነው? ጎረምሳው አንድ ለስላሳ ጠጥቶ ይሄዳል። አንተ “አሮጊት” ያልካቸው አደይ ግን የወር አስቤዛ ይዘው ነው የሚሄዱት። ደግሞም ሽማግሌው እየበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ በአማካይ የሚጠበቅለት ዕድሜ 50 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ዛሬ ያባረርካቸው ሰዎች ነገ ትልቁ ገበያህ ናቸው።

ቴሌብር ላይ ለምን ይደናገራሉ ብለህም አትፍረድ። አገልግሎቱ የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ያኔ ትግራይ ጦርነት ላይ ነበረች። ወዲያው ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ባንኩም ስልኩም ተዘጋ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ! ሌላው ከተማ በሞባይል መክፈል ሲለማመድ፣ የመቀሌ ጡረተኛ ባንክ ያስቀመጣትን የገዛ ብሩን ማውጣት አቅቶት ነበር። ይህን ያየ ሰው ብሩን ነጠላው ጫፍ ላይ ቢቋጥር ምን ይገርማል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ወጪ የለውም፤ እነሆ፦

አንደኛ፣ ዋጋውን በትልቁ ጻፍ። የሰው ዓይን ከ40 ዓመት በኋላ የቅርቡን ማንበብ ያስቸግረዋል። ካርቶን ቆርጠህ በወፍራም ጥቁር ማርከር ጻፍና ለጥፍ። ሦስት ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ወደ አንድ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ በር ላይ የሚጮኸውን ስፒከር ቀንስ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ሙዚቃ ሲጨመርበት የምትለው ሁሉ ይምታታባቸዋል። ጮኸህ አትናገር፣ ፊታቸውን እያየህ ቀስ ብለህ ተናገር።

ሦስተኛ፣ አንድ ዱካ አስቀምጥ። አደይ ቁጭ ብለው ብራቸውን ተረጋግተው ይቁጠሩ፤ አንተ እስከዚያ የሚቀጥለውን ታስተናግዳለህ። ወረፋህም አበቃ! ግን “ለአረጋውያን” ብለህ እንዳትጽፍበት። አርጅተሃል መባልን የሚወድ ማን አለ? ዱካዋ ለነፍሰ ጡርም፣ በጦርነቱ እግሩን ለተጎዳው ወጣትም ትሆናለች።

አራተኛ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፦ የሚስጥር ቁጥር አትቀበል! “አደይ፣ ይህንን ለኔም ለማንም አይንገሩ” በልና ስልኩን መልስላቸው፤ ራሳቸው ሲነኩ ፊትህን አዙር። ካልሆነላቸው ጥሬ ብር በደስታ ተቀበል። አንድ ቀን ከሒሳባቸው ገንዘብ ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ይመስልሃል? ቁጥሩን የሚያውቀው አንተ ነህ! ከተከፈለም በኋላ የመጣውን መልእክት አንብብላቸው፤ ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደቀረ ይወቁ።

አምስተኛውና ዋናው፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገር። በየፋርማሲው የምናየው ነገር አለ። አዛውንቱ መድኃኒታቸውን ሊገዙ ይመጣሉ፤ ባለሙያው አጠቃቀሙን የሚያስረዳው አብሯቸው ለመጣው የልጅ ልጅ ነው! ሕመሙ የሳቸው፣ ብሩም የሳቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ዕቃ ጥግ ቆመዋል። ልጁ ማታ ረስቶት ኳስ ሊያይ ቢሄድስ? ክኒኑን የሚውጠው ሰው ነው መስማት ያለበት። ሱቅም፣ ባንክም፣ ካፌም እንደዚያው ነው። የሰው ጉልበት ደከመ ማለት አእምሮው ደከመ ማለት አይደለም።

ሆላንድ አገር ጁምቦ የሚባል ሱፐርማርኬት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ለየት ያለ መክፈያ አቋቋመ፦ የማይቸኩሉ፣ ትንሽ መጫወት የሚፈልጉ ደንበኞች ብቻ የሚሰለፉበት። ብቸኝነት ላጠቃቸው ሽማግሌዎች ታስቦ ነው። ሰዉ ወደደውና ወደ ሌሎች ቅርንጫፎችም ተስፋፋ። እነሱ በፕሮጀክት ያመጡትን አንተ በነፃ አለህ፤ “ከመይ ሓዲርክን አደይ?” ማለት ስንት ብር ያስወጣል?

ለጓደኛህም ይህን ንገረው። ወጣት ደንበኛ ዋጋ አምስት ብር ቀንሶ ወዳገኘበት ይሄዳል። አደይ ግን አንዴ ካመኑህ ጎረቤታቸውን፣ ዕድርተኛቸውን፣ ምራታቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ካስቀየምካቸውም እንዲሁ፤ ከቡና ላይ ወሬ የሚፈጥን ሬዲዮ የለም!

ዱካዋን አስቀምጣትና ከወር በኋላ ውጤቱን ጻፍልን። እናንተም አንባብያን ተመሳሳይ ገጠመኝ ካላችሁ ብዕራችሁን አንሱ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!