ሁለት በሽታ በአንድ ስም አይጠራ



በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ አንዲት ልጅ ከገበታ ስትርቅ ፍርዱ ፈጣን ነው። አንዱ «ጾመኛ ናት» ይላል፤ ሌላው «ዓይን በልቷት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «መቅጠን አምሯት ነው» ብሎ ይስቃል። እኛ የተማርን ነን የምንለውም አኖሬክሲያና ቡሊሚያ የሚባሉትን ቃላት ሰምተናል፤ ግን እንደ አንድ ነገር አድርገን እናወራቸዋለን። ይህ የቃል ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በሽተኛውን ከዓይናችን ይሰውርብናል።

ሁለቱም ስሞች ከግሪክ የመጡ ናቸው። አኖሬክሲያ ማለት የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይርበዋል፤ የሚከለክለው ውፍረትን መፍራቱ ነው። አጥንቱ እየታየም ለራሱ ወፍራም ይመስለዋል። ይበርደዋል፤ የልቡ ትርታ ይዘገያል፤ በሴቶችም የወር አበባ ሊቋረጥ ይችላል። የእንግሊዙ ዊልያም ጋልና የፈረንሳዩ ሻርል ላሴግ በ1873 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ገልጸውታል።

ቡሊሚያ ደግሞ «የበሬ ረሀብ» እንደ ማለት ነው። ሰውየው ራሱን መግታት እስኪያቅተው ብዙ ይበላል፤ ከዚያም በኀፍረት ተይዞ በማስመለስ፣ በሚያስቀምጥ መድኀኒት ወይም ምግብ በመተው የበላውን ለመሻር ይሞክራል። ይህን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፉት የለንደኑ ሐኪም ጄራልድ ራስል ናቸው።

ማስመለስ ብቻውን አይለያቸውም፤ አኖሬክሲያ ካለባቸውም የሚያስመልሱ አሉ። ትልቁ መለያ ክብደት ነው። አኖሬክሲያ ያለበት ከልክ በላይ ይከሳል፤ ቡሊሚያ ያለበት ግን ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ከቦ እየበላ፣ ሰውነቱ ሳይለወጥ ይታመማል። ጥርሱ ይሸረሸራል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወርዶ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል። እንግዲህ «አልከሳም፤ ደኅና ነው» ማለት ማስረጃ አይደለም።

በአገራችን ሁለቱም መሸሸጊያ አላቸው። አባቶቻችን ኮሶ ይጠጡ ነበርና ሆድ የሚያጥብ መድኀኒት እንግዳ አይደለም። ጾምም የተከበረ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ጾመኛ ፍስክን በደስታ ይቀበላል፤ በሽተኛው ፍስክን ይፈራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ በጋና ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ራሳቸውን በረሀብ ያከሱ ልጃገረዶች ምክንያታቸውን ውፍረትን በመፍራት ሳይሆን በሃይማኖትና ራስን በመግዛት እንደሚገልጹ አሳይቷል። ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው።

«ረሀብ ባየ አገር ይህ የቅንጦት በሽታ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተጎዱ ወገኖች ወደ ወለጋ መጥተው መስፈራቸውን እናውቃለን፤ የረሀብን ክብደት አናቃልልም። ግን የአንዱ መከራ የሌላውን ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱም ይገድላሉ፤ አኖሬክሲያማ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ እጅግ ገዳይ ከሚባሉት አንዱ ነው።

መለየታችን የሚጠቅመው ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። ለቡሊሚያ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርም የምክር ሕክምና ዋናው ነው፤ ፍሉኦክሴቲን የተባለው መድኀኒትም ይረዳል። ለአኖሬክሲያ ግን አስቀድሞ ክብደትን መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህም በሐኪም ዓይን ሥር፣ ቀስ በቀስ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት ተዛብተው ሊሞት ይችላል። በፍቅር የምንሰጠው ቅቤ የጠገበ ጩምቦና ተደጋጋሚ ጉርሻ ሊጎዳ ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ስለዚህ ኅብረታችን ከግቢው ክሊኒክ ጋር ተመካክሮ ምስጢር የሚጠበቅበት የምክር ሰዓት እንዲከፈት ይጠይቅ። እያንዳንዳችንም «ወፈርሽ፣ ከሳህ» የሚለውን ሰላምታ እንተው። ጓደኛችን ሲቸገር ብናይ ለብቻው ጠርተን እንጠይቀው፤ ወደ ሐኪምም አብረነው እንሂድ። መማራችን ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?