«ከተከፈተ አይቀር»

ጋራዥ ውስጥ እንደዚህች ዓረፍተ ነገር ኪስ የምታራቁት የለችም፦ «ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር ብሮንዚኑንም እንቀይረው።»

መኪናውን ያስገባችሁት ቴስታታው ጓርኒሲዮን አቃጥሎ ነው። በማግስቱ ይደወልላችኋል። ሞተሩ ከታች አልተንኳኳም፣ የዘይት መብራት አልበራም፣ ብሮንዚኑን ማንም አላየውም፣ ማንም አልለካውም። ብታመነቱ ደግሞ «በኋላ እኔን እንዳትወቅሱኝ» ይከተላል። ይህ ምክር ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው። ሐኪም ሳይመረምር «ሆድህ ከተከፈተ አይቀር ኩላሊትህንም እናውጣው» ቢል እሺ እንላለን?

ለመካኒኮቹም ሐቁን እንስጣቸው። ሞተር ሁለት ጊዜ ማስከፈት የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ያለቀ ብሮንዚን ዝም ሲባል ክራንክሻፍቱን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቶርኖ ቤት ነው። ይህን አልክድም። የምቃወመው ሳይለኩ መወሰንን ነው።

ብሮንዚን የክራንክሻፍቱን አንገት የሚያቅፍ ስስ ግማሽ ክብ ነው፤ ጀርባው ብረት፣ ፊቱ ለስላሳ ማዕድን። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱን የሚለያቸው የዘይት ሽፋን ነው፤ ክፍተቱም የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። እዚህ ላይ «በግምት» የሚባል ነገር የለም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ብሮንዚኑ የሚመረጠው ሞተሩና ክራንክሻፍቱ ላይ በተመታው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሳያዩ «ስታንዳርድ ነው» የተባለውን ከሱቅ አምጥቶ፣ አቧራ በሚነፍስበት ግቢ ገጥሞ፣ ብሎኑን በክንድ ስሜት ማጥበቅ ደህና የነበረን ሞተር መግደል ነው። አዲስ ዕቃ ሁሉ መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ መቼ ይቀየር? ክራንክሻፍቱ ራሱ ከወጣ ክርክር የለም፣ ይቀየር። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ፣ የዘይት ግፊት ከወረደ፣ ሞተሩ ከታች ከተንኳኳ ወይም ኮፓው ውስጥ የብረት ብናኝ ከተገኘ ግን በግድ ተከፍቶ ይታይ። ፊቱ ከተፋቀና ከሥሩ መዳብ መሰል ቀለም ከወጣ ጊዜው አልፏል። ዓይን ካልበቃ ፕላስቲጌጅ የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ፤ አንገቱ ላይ ተደርጎ ክዳኑ በልኩ ጠብቆ ሲፈታ፣ የተጨፈለቀው ክር ስፋት ክፍተቱን ይናገራል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ ደግሞ ብሮንዚኑን ተዉት፣ ሥራው ላይ ነው።

ጉዳዩ የጋራዥ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። መለዋወጫ የሚመጣው በዶላር ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ ሞተር ነው መክረም ያለበት። ለታክሲ ሠሪ ደግሞ ሞተሩ የልጆቹ እንጀራ ነው። ያለ ምክንያት የተቀየረ ብሮንዚን የትምህርት ቤት ክፍያ ይበላል፤ መቀየር ሲገባው የታለፈም እንጀራውን ራሱን ያቆማል። ሁለቱም ስህተት የሚወለዱት ከአንድ እናት ነው፤ ካለመለካት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጋራዥ በር ላይ ይህን መብት የሚያስረክብ ሕግ የለም።

ስለዚህ ሲደወልላችሁ እሺም እምቢም አትበሉ። «መጥቼ ልየው» በሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሮጌውን አሳየኝ፣ ልኬቱን ንገረኝ፣ የምትገጥመውን ቁጥር አሳየኝ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ያስረዳችኋል። የሚቆጣው ሳይለካ የነገራችሁ ነው። እሱን ካያችሁት ብሮንዚኑን ሳይሆን ጋራዡን ቀይሩ።