ጨረሩ ተማሪ ነው ብሎ አይምርም



የራጅ ትምህርት ክፍል ተማሪ ዛሬ ሁለት በር ሳያልፍ ባለሙያ አይባልም። አንደኛው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነው፤ ሁለተኛው ጤና ሚኒስቴር ለሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የብቃት ምዘና ነው። ፈተናውን አንቃወምም። አጥንት የሚያነሣ ሰው አጥንት ማወቅ አለበት። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው፤ ዕውቀታችን ሁለት ጊዜ ሲለካ፣ ሰውነታችን በልምምድ ቦታ የተቀበለው ጨረር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለካ መቅረቱን ነው!

ይህ ሙያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። አባቶቻችን ዐድዋ ላይ ድል የመቱት በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ነው። ዓመቱም ሳያልቅ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን ክንድ ራጅ አንሥቶ ጥይቱን ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። የራጅን የጦር ሜዳ ታሪክ የከፈተው እንግዲህ ከእኛ አገር የሄደ ቁስል ነው። ከዚያ ወዲህ 130 ዓመት ያህል አልፏል። በ130 ዓመት ውስጥ የራጅ ተማሪያችን ደረት ላይ አንዲት መለኪያ ማንጠልጠል እንዴት አቃተን?

ጉዳቱ ገና ሳይታወቅ የሞቱትን ማንም አይወቅስም። የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ እጁን በጨረሩ ፊት እየዘረጋ መሣሪያ ሲሞክር ኖሮ፣ ሁለት ክንዶቹ ከተቆረጡ በኋላ በ1897 ዓ.ም. በካንሰር ሞተ። በ1928 ዓ.ም. ሐምቡርግ ከተማ ለራጅና ለራዲየም ሰማዕታት ሐውልት ቆመ፤ ስማቸው የተጻፈውም እየተጨመረ ሄዶ ከ350 በለጠ። እነርሱ ባለማወቅ ሞቱ። እኛ እያወቅን ብንጎዳ ግን ምን ስም ይሰጠን ይሆን?

ዛሬ መጠኑ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባወጣው መመዘኛ፣ በጨረር የሚሠራ ሰው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳይቀበል ተወስኗል፤ ዕድሜው ከ16 እስከ 18 ለሆነ ተለማማጅና ተማሪ ደግሞ ወሰኑ 6 ነው። ዓለም ተማሪን በስሙ ጠርቶ ቆጥሮታል። አገራችንም የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009ን አውጥታለች።

በልምምድ ቦታስ ምን አየን? በተላክንበት አንድ ሆስፒታል ሠራተኞቹ ዶዚሜትር አንጠልጥለው ይሠራሉ፤ ከመሪና ከኮተቤ በማለዳ ተነሥተን በሚኒባስ ተጋፍተን የደረስን አምስት ተማሪዎች ግን በነጭ ጋዎን ብቻ ገባን። ትርፍ ሊድ ኤፕሮን አንዲት ናት፤ እርስዋም ወንበር ላይ ታጥፋ ተገኘች። ሊድ ኤፕሮን ሲታጠፍ ውስጡ እንደሚሰነጠቅ፣ ስንጥቁም ጨረር እንደሚያሳልፍ ያስተማራችሁን እናንተው መምህራን ናችሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ሲመጣ ደግሞ «ተማሪ፣ ያዘው!» ይባላል። ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ እንደሚወርድ በቃላችን የምንለው እኛ፣ ከሕመምተኛው አካል የሚበተነውን ጨረር በክንድ ርቀት የምንቀበለውም እኛው!

አንዳንድ ወገኖች «ዶዚሜትር ጨረር አያስቆምም» ይሉናል። እውነት ነው፣ አያስቆምም። ቴርሞሜትርም ትኩሳት አያበርድም፤ ታዲያ ሐኪሙ ለምን ይይዘዋል? በዶዚሜትር ውስጥ ያለችው ቅንጣት የተቀበለችውን ይዛ ትቆያለች፤ በንባብ ጊዜ ስትሞቅ ብርሃን ሰጥታ ትመሰክራለች። ምስክር የሌለው ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራልና ምስክራችንን ስጡን ነው የምንለው።

ሌሎች «የጥቂት ሳምንት ልምምድ ነው፣ ጨረሩም ጥቂት ነው» ይላሉ። ጥቂት ከሆነ ለክቶ ማሳየት ምን ይከብዳል? ሳይለኩ ጥቂት ነው ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። «ወተት ጠጡበት» የሚሉም አልጠፉም። ወተት ጥሩ ነው፤ ጨረር ግን አያጥብም! ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው እናት እንኳ ሸክሟን በእጇ ሳትመዝን ከመሬት አትነሣም። እኛ ክብደቱ ያልተነገረን ሸክም ስለ ምን እንሸከማለን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ዶዚሜትር ያልተሰጠው ተማሪ ወደ ራጅ ክፍል አይላክ። ሁለተኛ፣ የንባቡ ውጤት በፋይል ተቀብሮ አይቅር፤ ለተማሪው በእጁ ይሰጠው፣ ሲመረቅም ይዞት ይሂድ። ሦስተኛ፣ ሊድ ኤፕሮን ይሰቀል እንጂ አይታጠፍ፤ ስንጥቅ እንዳለውም በየጊዜው ይመርመር። አራተኛ፣ ሕመምተኛ መያዝ የተማሪ ግዴታ መሆኑ ይቅር።

መምህራን ሆይ፣ ይህ በእናንተ ላይ የተነሣ ክስ አይደለም፤ ያስተማራችሁንን በተግባር አሳዩን ማለት ነው። የሌላ ክፍል ተማሪዎች ሆይ፣ ነገሩ የራጅ ተማሪ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ነገ አጥንታችሁ ሲሰበር ፊልሙን የሚያነሣላችሁ ይህ ተማሪ ነው። ለራሱ ጨረር ግድ እንዳይኖረው ተደርጎ ያደገ ባለሙያ ለእናንተ ጨረር ግድ ይኖረዋልን?

የማኅበራችን መሪዎች ጉዳዩን ወደ ኮሌጁ አስተዳደር ያቅርቡ፤ መልሱም በዚችው ጋዜጣ ይውጣ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። የሚቀጥለው የልምምድ ዙር ከመጀመሩ በፊት መልስ እንፈልጋለን!