ጣታችሁን ከወረቀቱ ላይ አንሡልኝ

ሰሞኑን ደግሞ ያቺ የማትሞት ምክር ተመልሳ መጥታለች። ሶፍት ፓስቴል የሚጀምር ወጣት ሁሉ «መጀመሪያ የራስህን ስታይል ፈልግ» ይባላል፤ ስታይል የጠፋ ቁልፍ ይመስል! ፈላጊዎቹ በፍለጋ ላይ ሳሉ የሚሠሩት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ከስልክ የተቀዳ ፎቶ፣ በአውራ ጣት ታሽቶ ታሽቶ የለሰለሰ ፊት። ከአውራ ጣት ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ አልመለስበትም ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። ሶፍት ፓስቴል ማለት የተፈጨ ቀለም፣ ጠመኔና ዱቄቱ እንዳይበተን የምትይዝ ጥቂት ሙጫ ነው። በእጅና በወረቀት መካከል ብሩሽ አይገባም፤ ዘይትም ውኃም የለበትም። እጅ የጨከነበት፣ የቸኮለበት፣ ያመነታበት ሁሉ በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ እንዳረፈ ይቀራል። አንዱን ሠዓሊ ከሌላው የሚለየው ይኸው ጭረት ነው። ጭረቱን በገዛ ጣቱ ካጠፋ በኋላ ስታይል ፍለጋ የሚወጣ ሰው ታዲያ ምን ሊያገኝ ነው?

«ታላላቆቹም ያሹ ነበር» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓስቴልን በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ያስከበረችው የቬኒሷ ሮዛልባ ካሪዬራ የፊት ቆዳን እያሸች ታለሰልስ ነበር። የልብሱ ዳንቴል ጋ ስትደርስ ግን የነጩን ፓስቴል ጎን በጠቆረው ቀለም ላይ ትጎትተዋለች፤ ዳንቴሉን ዳንቴል የሚያስመስለው ያልታሸው ጭረት ነው። የት ማቆም እንዳለባት ታውቃለች። ሠዓሊው ኤድጋር ደጋ ደግሞ ከዚህም አልፎ፣ አንዱን ድርብ በማጽኛ ፈሳሽ እያጸና በላዩ ሌላ ጭረት ይደርብ ነበር፤ የታችኛው ቀለም በላይኞቹ መስመሮች መካከል ሾልኮ ይታያል። እነሱን ጠቅሶ ማሸትን የሚከላከል ሰው ሥራቸውን ጠጋ ብሎ ይየው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዕቃ ነው፤ «ባለብዙ ቀለሙ ሳጥን እዚህ አገር የት ይገኛል? ቢገኝስ ማን ይችለዋል?» ለዚህ ምስክሬን ከመርካቶ፣ ያውም ከምናለሽ ተራ እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደውና በ1990 ከአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ፣ ዓለም ያወቀለትን ሥራ የሚሠራው መርካቶ ከሚሸመት ውዳቂ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ከኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ከኪቦርድ ቁልፍ፣ ከባለቀለም ሽቦ። ከዚያ በፊት ሸራ ላይ በክር እየሰፋ ይሥል፣ የልብስ ቁልፍም ይደረድር ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዕቃው ሌላ፣ እጁ ግን አንድ መሆኑን ወዲያው ይለያል፤ ትንሿን ነገር ከትንሿ ጋር እያጠጋጉ፣ ክፍተት ሳይተዉ፣ ሰፊውን ገጽ መሙላት። ዕቃው ተለወጠ፤ ስታይሉ ግን አብሮት ዞረ። የሽቦውም ቀይና ቢጫ ሽቦው ራሱ ይዞት የመጣው ነው፤ ፓስቴልም እንደዚሁ በሳህን ላይ አይበጠበጥም፣ ያለውን ቀለም ካለው ጋር ወረቀቱ ላይ ማጎራበት ነው። 12 የፓስቴል እንጨት ብቻ ያለው ልጅ ለጥላ የሚሆን ቡናማ ሲያልቅበት ወይን ጠጁን ያነሣል። ደጋግሞ ካነሣው ጥላው የሱ ይሆናል። «ድህነትን ልታስመሰግን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። እጥረት ብቻውን ሠዓሊ ቢያደርግማ ይሄኔ አገሩ ሁሉ ሠዓሊ በሆነ። ኤልያስ ስሙ ከገነነ በኋላም ሽቦውን አልተወም፤ እሱ የያዘው ወዶ የመረጠውን ጠባብ መንገድ ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው።

ስታይል ከመምህር አይወረስም ወይ የሚለውን በቶሎ ልለፈው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ኤልያስ በተመረቀበት ትምህርት ቤት ሲያስተምር ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም እዚያው ነበር። አንዱ ከፓሪስ፣ ሌላው ከጀርመን የመጡ፣ ሥራቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያ ዘመን እዚያ የተማረው ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በራሱ መንገድ የደረሰው ቀርከሃ ፍልጥ ላይ ነው። ይበልጥ የምመሰክርለት ግን ሠዓሊው ታደሰ መስፍን ነው። ሌኒንግራድ ድረስ ሄዶ የሰው አካል አሣሣል በአካዳሚ ሥርዓት ተምሯል፤ ዛሬ ከሩቅ የሚለየው ግን በጉሊት ሴቶቹ ነው። ዘለግ ብለው፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከኋላቸው የገበያው ትርምስ የለም። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ይገባዋል፤ ሠዓሊው ግርግሩን፣ ሸክሙን፣ ቆርቆሮውን ሁሉ ትቶ ሴቶቹን አስቀረ። የተወው ነገር ከሣለው እኩል የሱ ነው። ፎቶ የሚገለብጥ ልጅ መተው አልለመደም፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ መክፈል ያለበት ዕዳ አድርጎ ይወስደዋል። «ገበያው የሚፈልገው ፎቶ የሚመስለውን ነው» ለሚሉኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ፎቶ የፈለገ ፎቶ ቤት ይሂድ።

ገበያ ካነሣን አይቀር፣ ሊሸጥ የታሰበ ፓስቴል መስተዋት ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ላይ ማሸት አለ። ዱቄቱ ወረቀቱን የያዘው በቀጭኑ ነውና መስተዋቱ ከነካው ቀለሙ ወደ መስተዋቱ ይሻገራል፣ አውራ ጣት የማረው ጭረት ፍሬም ቤት ያልቃል። በሥዕሉና በመስተዋቱ መካከል ክፍተት የሚሰጥ ወፍራም የካርቶን ጠርዝ ማስገባት ግድ ነው፤ ይህንንም ለባለፍሬሙ አስቀድሞ መንገር። ለ13ኛው ቀለም የተቀመጠ ብር ካለ ካርቶኑ ላይ ይዋል።